ዘይት የጠጡ እርሳሶች

በእኛ መንደር እርሳስ እንደ ሙሽራ ይመረቃል። ቀልድ እንዳይመስላችሁ። የታላቁ ፈተና ዋዜማ ሲደርስ የአንደኛ ደረጃው የመጨረሻ ክፍል ልጆች እርሳሶቻቸውን ቀርጸው፣ አጽድተው፣ በትምህርት ቤቱ ግቢ ይሰለፋሉ። ከዚያ ቄሱ አባ ክሌመንት ጠበል ይረጫሉ። የሂንዱዎቹ ካህን ፓንዲት ሱክዴዎ ቀይ ዱቄት ይቀባሉ፣ ሩዝ ይበትናሉ። የባፕቲስቶቹ መሪ እናት ግሎሪና ደግሞ ነጭ ሻሻቸውን ጠምጥመው፣ ደወላቸውን እያቃጨሉ፣ በየእርሳሱ ላይ አንዳንድ ጠብታ የወይራ ዘይት ጠብ ያደርጋሉ። ሦስቱ በአዘቦት ቀን በምንም ነገር አይስማሙም። በእርሳስ ላይ ግን ይስማማሉ። ልጁ ቁርስ በልቶ ይሁን፣ ጫማው ተቀድዶ ይሁን፣ የሚጠይቅ የለም። እርሳሱ ብቻ ደህና ይሁን።

እኔም በጊዜዬ ተመርቄያለሁ፤ እርሳሴን ማለቴ ነው። ከዚያ ወደቅኩ። «ኦኒካ፣ ወደቅኩ አይባልም፤ ቦታ ተሰጠኝ ነው የሚባለው» ትለኛለች የእናቴ እኅት ታንቲ ዩላሊ። የተሰጠኝ ቦታ ስሙ ሲጠራ ሰው ሁሉ «አይዞሽ» የሚልበት ትምህርት ቤት ነበር። ጥቂት ዓመት ተመላለስኩበት፤ በመጨረሻ እሱም እኔም ተሰለቻቸንና ተለያየን። አሁን ከታንቲ ጋር ደብልስ እሸጣለሁ፦ ሁለት የተጠበሰ ቂጣ፣ መሃሉ የሽምብራ ወጥ፣ ቃሪያው እንደየሰዉ ድፍረት። ጋሪያችን የቆመው የት መሰላችሁ? ልክ እኔ በተፈተንኩበት በመንደራችን ትምህርት ቤት በር ላይ። እግዜር ቀልደኛ ነው።

ይህ ታሪክ ግን የታናሽ እኅቴ የኬዚያ ነው። እናታችን በማዶዋ ደሴት በቶቤጎ፣ ሆቴል ውስጥ ስለምትሠራ ሁለታችንም ያለነው ታንቲ ጋ ነው። ኬዚያ አካሏ የክብሪት እንጨት ነው፤ የሚያድገው ጭንቅላቷ ብቻ ነው። በየዓመቱ በፈተናው ሰሞን አልጋ የሚያካክሉ ኤሊዎች ከባሕር እየወጡ አሸዋችን ውስጥ እንቁላላቸውን ይቀብራሉ። ሌላው ልጅ ካልጋለብኳቸው ሲል እሷ አጠገባቸው ተንበርክካ «መንገዱን ማን ነገራት?» ትላለች። አንድ ቀን «እዪ፣ ኤሊዋ ታለቅሳለች» ብዬ ባሳያት «አታለቅስም፤ የጠጣችውን ጨው እያስወጣች ነው» ብላ አረመችኝ። እኔን! ዳይፐሯን የቀየርኩላትን!

የምትፈልገው አንድ ነገር ነው። ከተማ፣ ኮረብታው ላይ፣ የልጃገረዶች ትምህርት ቤት አለ። የባሕር ፍጥረት በመስታወት ገንዳ የሚያኖር ቤተ ሙከራ አለው። ስለ እሱ ስታወራ ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንዳለች። እዚያ የሚያስገባው በር ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ፈተናው። በሁለቱ ደሴቶች ላይ ያለ እኩያዋ ሁሉ በአንድ ጠዋት፣ በአንድ ሰዓት ለፈተና ይቀመጣል። የዓሣ አጥማጁም ልጅ፣ የሚኒስትሩም ልጅ ያንኑ ገጽ ይገልጣሉ። ያ ጠዋት ካመለጠ አመለጠ ነው።

በዋዜማው እናት ግሎሪና የኬዚያን እርሳሶች ሲቀቡ «ልጄ፣ ቅባቱ ጠልቆ ይግባ፤ እስከ አጥንቱ ይግባ» አሉና፣ ጎረቤታችንም ስለሆኑ፣ ከብልቃጡ የተረፈውን ዘይት ሰጧት። ሁላችንም አሜን አልን። ምን ላይ አሜን እንዳልን ያወቅነው በማግስቱ ነው።

በፈተናው ጠዋት መንደራችንን ብታዩት አታውቁትም። ቡልዶግ የሚሉት ሰውዬ አለ፤ የሙዚቃ መኪናው ድምጽ ማጉያ ከቤታችን ይበልጣል፤ በሌላ ቀን ጥርሳችን እስኪንቀጫቀጭ ያስጨፍረናል። የዚያን ጠዋት መኪናውን ዳር አቁሞ ቁልፉን ለርዕሰ መምህርቷ ለሚስ ዴሲር አስረከበ።

«ይያዙልኝ ሚስ» አላቸው። «እኔ ራሴን አላምነውም።»

ከዚያ የፖሊስ መኪና መጣ። ጥያቄዎቹ በታሸገ ከረጢት ነው የሚመጡት። ፖሊሱ ከረጢቱን እንደ አራስ ልጅ አቅፎ በመሃላችን ሲያልፍ ደብልስ አፉ ውስጥ የነበረ ሰው ማኘኩን አቆመ። ቡልዶግ ኮፍያውን አወለቀ። አስቡት እስቲ፤ ማንም ያላየው ጥያቄ፣ ገና ሳይከፈት፣ የስንት ሺህ ልጅ ዕጣ ይዞ በአጠገቤ አለፈ። ወረቀት ነው እኮ።

«ወርቅ እንኳ እንዲህ ታጅቦ አይሄድም» አለች ታንቲ በሹክሹክታ።

እኛ ጋሪውን ለማቆም ጎሕ ሲቀድ ስለወጣን ኬዚያ ለብሳ ብቻዋን መጣች። ሸሚዟ እንደ ሸራ ደርቋል፤ ፀጉሯ ተሠርቷል። በሁለት እጇ የማርማላታ ጠርሙስ ይዛለች። በጠርሙሱ ውስጥ ዘይት። በዘይቱ ውስጥ እርሳሶቿ፣ ጫፋቸው ወደ ታች።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኳት።

«እርሳሶቼ ናቸዋ።»

«እርሳስ መሆናቸውንማ አያለሁ። ምን እየጠጡ ነው?»

«ቅባት። እናት ግሎሪና እስከ አጥንቱ ይግባ ብለዋል። የሰጡኝ ትንሽ ስለነበር ከታንቲ ዘይት ጨመርኩበት። ሌሊቱን ሙሉ ገብቶላቸዋል።»

ታንቲ ጭልፋዋን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። «ኧረ የአምላክ ያለህ! ልጅቷ እርሳሶቿን ጠብሳ መጣች!»

አንዱን መዘዝኩና ከመሬት ባነሳሁት የቡልዶግ የጭፈራ ማስታወቂያ ጀርባ ላይ ስሟን ልጽፍ ሞከርኩ። የወጣው ፊደል አይደለም። ቅባት ነው፤ ወረቀቱ ላይ ተንሰራፍቶ እንደ መስታወት ብርሃን አሳለፈ። ከወዲያ በኩል ጣቴ ይታየኛል። ሌላ መዘዝኩ። ያው ነው። ኬዚያ ጽሑፉን አየች፣ እርሳሱን አየች፣ እኔን አየች።

«ጫፋቸው ብቻ ነው የራሰው፤ ልቅረጻቸው» ብዬ መቅረጫዬን አወጣሁ።

«አይሆንም!» ጠርሙሱን አቀፈችው። «ከተቀረጹ ምርቃቱ በቅርፊቱ ይሄዳል!»

ይህን ከራሷ አላመጣችውም። በእኛ መንደር የተመረቀ እርሳስ አይቀረጽም። ተቀርጾ ይመረቃል፤ ከዚያ ወዲያ ቢደነዝዝም በደነዘዘው ይጻፋል። እኔ በተራዬ ቁጥር ስድስትን ከዜሮ በማይለይ እርሳስ ነበር ስታገል የዋልኩት።

ግን የመንደር ሕግ የሚከበርበት ሰዓት አልነበረም። አንዱን ነጥቄ መቅረጫው ውስጥ አዞርኩት። እንጨቱ እንደራሰ ዳቦ ተፈረፈረ፤ እርሳሱም ቁርጥ ብሎ ወደቀ። ኬዚያ የጮኸችው ጩኸት እሷን ራሷን የቀረጽኳት ያህል ነው። ልጆች ዞሩ፣ እናቶች ዞሩ፣ ፖሊሱ ሳይቀር ዞረ።

በአንድ አፍታ ጋሪያችን በሰው ተከበበ። ሚስ ዴሲር አንድ ፓኮ አዲስ እርሳስ ይዘው ሮጠው መጡ።

«ይኸውልሽ ልጄ፤ ያማረ፣ የተቀረጸ።»

«ማን መረቀው ሚስ?» አለች ኬዚያ፤ እንባዋ እየወረደ።

ሚስ ዴሲር ፓኮውን ገልብጠው አዩት። ማንም አልመረቀውም። አባ ክሌመንትም፣ ፓንዲቱም፣ እናት ግሎሪናም ያን ጠዋት ወደየመንደሩ ተበትነዋል፤ በዚያ ሰዓት ጸሎት የማይፈልግ ትምህርት ቤት የት አለ?

«እኔ ልመርቅልሽ» አለች ታንቲ እጇን በሽርጧ እየጠረገች።

«ታንቲ፣ አንቺ ትናንት በክሪኬት ጨዋታ ተጣልተሽ ፓንዲቱን ስትረግሚ ነበር» አለቻት ኬዚያ።

«ያ ሌላ አፍ ነው!»

«እኔስ?» አለ ቡልዶግ።

«አንተ ከተወለድክ የመረቅከው ጠርሙስ ብቻ ነው፤ ዞር በል!» አለችው ታንቲ። ሰዉ ሳቀ። ኬዚያ ግን አልሳቀችም።

የመጀመሪያው ደወል ተደወለ። ልጆቹ መሰለፍ ጀመሩ። ኬዚያ ከጠርሙሷ ጋር ተተክላ ቀረች። እኔ ያቺን ልጅ አውቃታለሁ፤ ኤሊ አይታ የማትሸሽ፣ ማዕበል አይታ የማትሸሽ ልጅ ናት። ያን ጊዜ ግን እግሯ እምቢ አላት። ኮረብታው፣ ቤተ ሙከራው፣ የመስታወቱ ገንዳ፣ ሁሉም አንድ ጠርሙስ ዘይት ውስጥ ሰምጦ ሲቀር አየሁ።

«እሺ ምን ይሁንልሽ?» አልኳት፤ ቁጣዬ ፍርሃት ነበር። «ምን ላድርግ? ጳጳስ ከየት ላምጣልሽ?»

ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ እጇን ዘርግታ ጆሮዬ ላይ የሻጥኩትን እርሳስ መዘዘችው። ያቺን የጋሪ እርሳሴን፤ ማን ቃሪያ እንደሚፈልግ ማን እንደማይፈልግ የምጽፍባትን። ግማሿ አልቋል፣ ቂጧ ተነክሷል፣ ቀለሟ ከእርድ ብዛት ምን እንደነበር አይታወቅም።

«ይሄንን መርቂልኝ» አለችኝ። «አንቺ።»

ሳቄ መጣ። «እኔ? ጤና የለሽም እንዴ? እኔ የወደቅኩት ነኝ እኮ! በእኔ ምርቃት ብትገቢ የምትወጪው በዚህ ጋሪ በኩል ነው።»

«አባ ክሌመንት ይሄን ፈተና ተፈትነው ያውቃሉ?»

«አያውቁም።»

«ፓንዲቱስ? እናት ግሎሪናስ?»

ራሴን ወዘወዝኩ።

«አንቺ ግን እዚያ ክፍል ገብተሽ ወጥተሻል። ውስጡ ምን እንዳለ ታውቂያለሽ። ስለዚህ መርቂው፤ ሁለተኛው ደወል ሊደወል ነው።»

ሰዉ ሁሉ እኔን ያያል። ሚስ ዴሲር እንኳ፣ ያኔ ከክፍል ሲያስወጡኝ የኖሩት ሚስ ዴሲር፣ እጃቸውን አጣምረው ይጠብቃሉ። እኔ ጸሎት አላውቅም። በቤተ ክርስቲያንም በቤተ መቅደስም የማውቀው የኋላውን ወንበር ነው። እርሳሷን በሽርጤ ወለወልኳት። በታንቲ ቢላ ጫፏን አሾልኳት። በሁለት መዳፌ መሃል ያዝኳት።

«ጥያቄውን ሳትጨርሺ መልስ አትጀምሪ» አልኩ።

ከዚያ ቡልዶግ ከኋላ በዚያ ነጎድጓድ ድምጹ «አሜን» አለ።

«አንዱ ቢከብድሽ ዝለይው፤ እሱ የትም አይሄድም፤ ተመልሰሽ ታገኚዋለሽ።»

«አሜን» አሉ እናቶቹ።

«ጎንሽ ያለው ልጅ ቶሎ ቶሎ ሲገልጥ ብትሰሚ አትደንግጪ። ምናልባት ምንም ስላልገባው ነው።»

«አሜን!» አለ ፖሊሱ፤ ማን እንዳስገባው እንጃ።

«በመስኮት አትመልከቺ። በመስኮቱ ምንም አይመጣም። እኔ አይቻለሁ።»

«አሜን» አለች ታንቲ።

«ሲደነዝዝብሽ ደግሞ ቅረጪው። የእኔ ምርቃት ሲቀረጽ አያልቅም። እስከ ቂጡ ድረስ አለ።»

አሜኑ ከግራም ከቀኝም መጣ። አጥር ላይ ተንጠልጥለው ከሚያዩት ሕፃናት ሳይቀር። ኬዚያ እርሳሷን ተቀበለችኝ፣ መቅረጫዬን ከኪሴ ወሰደች፣ ጠርሙሱን ታንቲ እጅ ላይ አስቀመጠችና ወደ ሰልፉ ሮጠች። ወደኋላ አልዞረችም። ሁለተኛው ደወል ተደወለ፣ በሩ ተዘጋ።

አሁን የምነግራችሁን አታምኑኝ ይሆናል።

ፀጥታ መጣ። «ዝም በሉ» ያለ የለም፤ ራሱ መጣ። ታንቲ ዘይቱ እንዳይንጫጫ ምድጃዋን አጠፋች። ከወደ ባሕሩ እየመጣ የነበረ ጀልባ ሞተሩን ቆረጠና በመቅዘፊያ ገባ። ዶሮዎቹን አስቀድመው ወደ ወንዙ ማዶ ወስደዋቸዋል። ቡልዶግ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ እጆቹን በጉልበቶቹ መሃል ቀርቅሯል፤ እንደተቀጣ ተማሪ። የእኛ መንደር በቀብር እንኳ ከበሮ ይመታል። ያን ጠዋት ግን የኮኮናት ዛፍ ቅጠል ሲፋተግ ይሰማ ነበር።

ከዚያ ከውስጥ የሚስ ዴሲር ድምጽ መጣ። «ገጹን ግለጡ።»

ሰማሁት። ሁሉም በአንድ ላይ ገለጡ። ድምጹ እንደ ወፍ መንጋ ነበር፤ ከባሕሩ ላይ ድንገት ብድግ ሲል ያለው ዓይነት። በዚያች ቅጽበት በከተማውም፣ በሸንኮራው እርሻም፣ በነዳጅ ጉድጓዶቹም አጠገብ፣ እናቴ ባለችበት በቶቤጎም፣ ያው ድምጽ እየተሰማ ነው። የሁለቱ ደሴቶች ልጅ ሁሉ አንድ ገጽ ገለጠ። እኔ ያኔ ከውስጥ ሆኜ የሰማሁት የራሴን ልብ ብቻ ነበር። ብቻዬን ነኝ ብዬ ነበር። ከውጭ እንዲህ ቆመው፣ ምድጃ አጥፍተው፣ ትንፋሻቸውን ይዘው የሚጠብቁ ሰዎች እንዳሉ ማን ነገረኝ?

ታንቲን አየኋት። «በእኔም ጊዜ እንዲህ ነበር?» አልኳት በምልክት።

«ምድጃዬን አጥፍቼ ነበር» አለችኝ በጆሮዬ።

ጋሪያችን ከቆመበት፣ በግድግዳው ባለ ቀዳዳ ጡቦች በኩል፣ የኬዚያ ሹሩባ ይታያል። ሹሩባዋ አንዴ ያጎነብሳል፣ አንዴ ቀና ይላል። አንድ ጊዜ ለረጅም ሰዓት ቀና ብሎ ቀረ። ተቀረቀረች አልኩ። «ዝለይው» እላለሁ በሆዴ፣ «ዝለይው አንቺ ግትር።» ሹሩባው ዝቅ አለ። ከዚያ ክንዷ ሲሽከረከር አየሁ፤ ትንሽ፣ ፈጠን ያለ መሽከርከር። እየቀረጸች ነበር! በመንደራችን ታሪክ የተመረቀ እርሳስ ፈተና ክፍል ውስጥ ሲቀረጽ የመጀመሪያው መሆን አለበት። ሌሎቹ ልጆች ዞረው ሲያዩዋት ታየኝ። ቀጥሎ ከፊት የነበረው የአንዱ ልጅ ክንድ መሽከርከር ጀመረ። ከዚያ የሌላዋ። ታንቲ ክንዴን ጨመቀችው፤ እስከ ማታ ምልክቱ አልለቀቀኝም።

ሲጨርሱ እንደ ጎርፍ ወጡ። ቡልዶግ ቁልፉን ሊቀበል ሮጠ። ኬዚያ የመጨረሻዋ ናት። ጣቶቿ ከሰል መስለዋል። መዳፌን ከፍታ አንዲት ነገር አኖረችበት፤ የልጅ ጥርስ የምታህል ጉማጅ፣ ቂጧ የተነከሰ። እርሳሴ ናት።

«በላሻት እንዴ?» አልኳት።

«በከበደኝ ቁጥር ስቀርጻት ነበር። ስቀርጻት ‹ዝለይው› ትይኛለሽ፣ እዘለዋለሁ። ከዚያ እመለሳለሁ።»

«ድርሰቱስ? ስለ ምን ጻፍሽ?»

«አልነግርሽም።» ከዚያ እጇን የቀሚሷ ኪስ ውስጥ ከትታ አወጣች። ጭብጥ ሙሉ የእርሳስ ቅርፊት ነው፤ ቀጫጭን፣ የተጠቀለለ፣ ጠርዙ ቢጫ። «አንድም አልጣልኩም። እንዳይባክን።»

ቅርፊቱን በሁለት እጄ ተቀበልኩ። «ደብልስ ትበያለሽ?» አልኳት።

«ቃሪያ የበዛበት» አለች።

ውጤቱ በሐምሌ መጣ። ሚስ ዴሲር በግቢው ቆመው ሲያነቡ «ኬዚያ» አሉና የኮረብታውን ትምህርት ቤት ስም ጠሩ። ታንቲ ወንበር ፍለጋ ሳትደክም መሬት ላይ ተቀመጠች። ቡልዶግ መኪናውን አስነስቶ ጥርሳችንን እስኪያንቀጫቅጭ ሙዚቃውን ለቀቀው። እናት ግሎሪናም ደወላቸውን ይዘው ጨፈሩ፤ «ዘይቱ ነው! እስከ አጥንቱ ገባ!» እያሉ። ኬዚያ ወደ እኔ አየች። እኔም ወደ እሷ አየሁ። ተያቸው፣ እንዲያ ይበሉ፣ አልኳት በዓይኔ፤ ጎረቤት ናቸው።

ቅርፊቱ ዛሬም የስኳር ጣሳ ውስጥ፣ ራስጌዬ ላይ ነው። ባለፈው ታንቲ ጣሳውን ፈልጋ «ይሄን ቆሻሻ ድፊልኝ» አለችኝ።

«እስቲ ንኪውና እንተያይ» አልኳት።

ሳቀች፤ አልነካችውም። ለስኳሩ ያንን የኬዚያን የማርማላታ ጠርሙስ አጥባ አመጣች። እስካሁን ሻያችን ትንሽ ትንሽ ዘይት ዘይት ይላል።